አውሮፕላኑ ጣና ውስጥ አልወደቀም

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 46 ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ያ አውሮፕላን ባሕር ዳር ላይ ሲከሰከስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ጊዮርጊስ አጠገብ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ስመለከት አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣ። የግራ ክንፉ ውኃውን ቀድሞ ነካ። ከዚያ ተገነጣጠለ።

ይህን ለልጆቼም ለተማሪዎቼም ስናገር ኖሬአለሁ። ዘንድሮ በእንቁጣጣሽ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ እንደ ልማዴ ስተርክ፣ ታላቅ እህቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና ‹ኧረ ተው ወንድሜ! አንተ ያን ክረምት ደብረ ታቦር አክስታችን ዘንድ አልነበርህም? የመጣኸው ለመስቀል ነው። ጭሱን ያየሁት እኔ፤ ለአንተም የነገርሁህ እኔ› አለች። ተቆጣሁ፤ እርሷም ተቆጣች። የ14 ዓመት ልጄ ‹አባዬ፣ ዋሽተህ ነው?› ስትለኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእህቴ ጋር አልተነጋገርንም።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት በዚያ አውሮፕላን ወንድማቸውን አጥተዋል። እኔ እንዳየሁ ስለሚያምኑ በየዓመቱ ‹እስቲ ንገረኝ› ይሉኛል። እኔም ‹ብዙ አልተሠቃዩም፤ በቅጽበት ነው ያለቀው፤ አይቻለሁ› እላቸዋለሁ።

ዓይኔን ስጨፍን ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ያላየሁት ነገር እንዴት እንዲህ ሊታየኝ ይችላል? ውሸታም ነኝ ወይ? ምን ላድርግ?

የሐይቁ ዳር ልጅ፣ ከባሕር ዳር»

የተከበሩ መምህር፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ «የግራ ክንፉ» የሚለው ያዘኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን የዕለቱን ነገር እናንሣ።

ሐሙስ ነበር፤ አዲስ ዓመት በገባ በአምስተኛው ቀን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ የበረራ ቁጥር 604፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ባሕር ዳር ካረፈ በኋላ ወደ አስመራ ለመብረር ተነሣ። 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረውበት ነበር። ገና ከመሬት እንደለቀቀ የርግብ መንጋ ገጠመው፤ ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ አዙረው ሊመለሱ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ከዷቸው። አውሮፕላኑ እግሩን ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ተረፉ። ስድስቱም የበረራ ሠራተኞች ከተረፉት መካከል ናቸው።

የወደቀው የብስ ላይ ነው፣ መምህር። ጣና ውስጥ አይደለም። በዚያ ቀን ጊዮርጊስ አጠገብ ተቀምጠው ቢሆን እንኳ፣ ክንፉ የሐይቁን ውኃ ሲነካ ሊያዩ አይችሉም ነበር፤ አልነካምና።

የግራ ክንፉ ውኃ የነካ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ግን አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ ቦይንግ 767፣ የበረራ ቁጥር 961፣ በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ «አውስትራሊያ ውሰዱን» አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዷቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አለቀ፤ ሞተሮቹ ቆሙ፤ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ለማረፍ ተገደደ። ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ባሕር ዳርቻው ላይ የነበረ ጎብኚ ያን ቅጽበት በቪዲዮ ቀረጸው። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ የግራ ክንፉ ውኃውን ቀድሞ ይነካል፤ ከዚያ ይገነጣጠላል። ይህ ምስል በዓለም ቴሌቪዥኖች ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ዛሬም በኢንተርኔት ይገኛል። ከእርስዎ ደብዳቤ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ወስደው ከቪዲዮው አጠገብ ያስቀምጧቸው። የሚለያዩት በታንኳዎቹ ብቻ ነው።

በ1989 እርስዎ የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ያን ምስል ሳያዩት የቀሩ አይመስለኝም። እኔ በልብዎ ውስጥ ገብቼ የማየት ችሎታ የለኝም፤ ግምቴን ግን በግልጽ ልናገር። ጭሱንና ጩኸቱን ከእህትዎ ሰሙ። ሐይቁንና ታንኳዎቹን እንደማንኛውም የባሕር ዳር ልጅ በየቀኑ ያዩ ነበር። አውሮፕላኑን ደግሞ ከስምንት ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን አመጣልዎ። ሦስቱ ተጣጥፈው አንድ ሆኑ፤ ስፌቱም አይታይም።

ውሸታም ነዎት ወይ? አይደሉም። ውሸታም እውነቱን እያወቀ ሌላ የሚናገር ነው፤ እርስዎ ደግሞ ዓይንዎን ሲጨፍኑ ይታይዎታል። እንዲህ ስል ግን እርስዎን ለማጽናናት አይደለም። ያልዋሸ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የራሴን ልንገርዎ። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ጠዋት በ2፡38 ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ስድስት ደቂቃ ብቻ በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። እኔ በዚያ ጠዋት የት እንደነበርኩ ለዓመታት እንደ ውኃ በሚፈስ ቃል ስናገር ኖሬያለሁ። ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ፣ ዘንባባዎቹ ሥር ካለ ካፌ ተቀምጬ፣ ስልኬ ጮኸ፤ ዜናውን ሰማሁ፤ ማኪያቶዬ ሳልነካው ቀዘቀዘ። የማኪያቶው አረፋ ላይ የተሣለችው ቅጠል ሳትቀር ትታየኛለች። ባለፈው ዓመት ይህን ስናገር አንድ ቄስ ዘመዴ ጣታቸውን ቆጠር ቆጠር አደረጉና «የ2011 ፋሲካ ሚያዝያ 20 አልነበረም እንዴ?» አሉ። ነበር። ስለዚህ መጋቢት 1 ዐቢይ ጾም በተያዘ በሰባተኛው ቀን፣ የቅድስት እሑድ ላይ ይውላል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን በወተት ፈትቼ አላውቅም። ማኪያቶው ከየት መጣ? ከሌላ ጠዋት። ከየትኛው እንደሆነ አላውቅም። አብራኝ የነበረች ወዳጄን ብጠይቃት «ከቅዳሴ ስንወጣ በር ላይ አይደል የሰማነው?» አለችኝ። ያች በር ግን ትዝ አትለኝም። ማኪያቶው ዛሬም አለ፤ ለማጥፋት ብሞክርም አልጠፋ አለ።

በዚህ ነገር እርስዎና እኔ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ ኡልሪክ ናይሰር የተባለ የታወቀ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ጃፓኖች ፐርል ሃርበርን በቦምብ የደበደቡ ዕለት ልጅ ነበር፤ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ የቤዝቦል ጨዋታ በራዲዮ ሲያዳምጥ ዜናው እንዳቋረጠው ለዓመታት ያስታውስ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ነገሩ ገባው። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ ቤዝቦልን በዲሴምበር አይጫወቱም። የእርሱ ቤዝቦልና የእኔ ማኪያቶ ወንድማማች ናቸው።

ሰውየው እንደ እኔ ተደንቆ አልቀረም፤ ሊፈትነው ተነሣ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ሰባት ሰዎችን እንደያዘች ሰማይ ላይ ስትፈነዳ፣ በማግሥቱ ጠዋት እርሱና ኒኮል ሃርሽ የተባለች ባልደረባው 106 ተማሪዎችን ወረቀት ሰጥተው «ዜናውን ስትሰሙ የት ነበራችሁ? ከማን ጋር? ምን ስትሠሩ?» ብለው አስጻፏቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከእነዚህ 44ቱን አግኝተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቋቸው። የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን ሙሉ በሙሉ የደገሙት ሦስት ብቻ ነበሩ። 11ዱ በዋና ዋና ጥያቄዎች ሁሉ አንድም አላገኙም። በራስ መተማመናቸው ግን ያው ነበር፤ የተሳሳተውም እንዳልተሳሳተው ሙሉ ልብ ነበረው። የራሳቸው እጅ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው እንኳ የመጀመሪያው ትዝታ ተመልሶ አልመጣም። ታሪክ አስተማሪ ስለሆኑ ይህ ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ይገባል። የትዝታው መጉላትና የትዝታው እውነትነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «ቁልጭ ብሎ ይታየኛል» የሚለው ቃልዎ ስለ ልብዎ ይናገራል እንጂ ስለ አውሮፕላኑ አይናገርም።

የሌላን ሰው ትዝታ የራስ ማድረግም ቢሆን የተጠና ነው። መርሴዲስ ሺን የተባለች ተመራማሪ ከሌሎች ሁለት ጋር ሆና መንትዮችን ስታጠና፣ ሁለቱም «ይህ የደረሰው በእኔ ነው፤ በእርሷ አይደለም» እያሉ የሚከራከሩባቸው ትዝታዎች አግኝታለች። ከብስክሌት የወደቀው ማን ነው? የተቀጣው ማን ነው? ሁለቱም ያዩታል፤ ሁለቱም ይምላሉ። መንትያ ባልሆኑ ወንድማማቾችና እህትማማቾችም ላይ ይታያል፤ በብዛት ያነሰ ቢሆንም።

ለምን እርስዎ? ለምን ያን ቀን? እዚህ ላይ ምርምሩን ትቼ ስለ ቋንቋችን ልናገር። «የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ መረጃ መጠየቂያ ብቻ አይደለም። ለለቅሶ ያልደረሰ ሰው የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ሠርጉ ላይ የጠፋ፣ የታመመ ያልጠየቀ፣ ጎረቤቱ ሲቃጠልበት በሩን የዘጋ፣ ሁሉም «የት ነበርክ?» ይባላል። ወቀሳ ነው። «አልነበርኩም» ማለት መልስ መስጠት አይደለም፤ ጥፋትን መቀበል ነው።

አሁን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያስቡ። ለመስቀል ከደብረ ታቦር ሲመለስ ከተማው በሙሉ የሚናገረው ነገር አለው። አንዱ ጭሱን አይቷል፤ አንዱ ድምፁን ሰምቷል፤ አንዱ ሮጦ ሄዷል። የሰፈር ልጆች ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እርስዎ ብቻ ባዶ እጅዎን ነዎት። ከተማዎ ስታለቅስ እርስዎ አልነበሩም። ታላቅ እህትዎ ያየችውን ትነግርዎታለች፤ እየደጋገሙ ያስነግሯታል፤ ከዚያ እርስዎ ለሌላ ልጅ ይናገራሉ። «እህቴ አየች» ብለው ይጀምሩና አንድ ቀን «አየን» ይሆናል። ሌላ ቀን «አየሁ»። ይህን ያደረገ ልጅ ከሐዘኑ ውጭ መቅረት ያልፈለገ ልጅ ነው። እኔ በዚህ አልፈርድበትም። የ46 ዓመቱ መምህር ግን አሁን ያውቃል፤ ከእርሱ የሚጠበቀውም ሌላ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ከተማዎ ሌላ ቀን አንድ ነገር ልበል። ሰኔ 15 ቀን 2011፣ ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው የተገደሉባትን ያችን ቅዳሜ ምሽት፣ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ የት እንደነበረ ይነግርዎታል። እኔም ጠይቄ አውቃለሁ። አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ተኩሱን የሰማበትን ቤት፣ የደወለለትን ሰው፣ በማግሥቱ ያየውን ቴሌቪዥንና ከሳምንት በኋላ የሰማውን ወሬ አንድ አድርጎ ይተርካል። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ስለነበር ሰው የጎደለውን በአፍ በደረሰው ሞላ። የዘንድሮ ተማሪዎችዎ ያኔ ሕፃናት ነበሩ። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በኋላ እነርሱም እንደ እርስዎ ደብዳቤ ይጽፉ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። አራት ሰዎች አሉ፤ ለአራቱም ያለብዎ ዕዳ እኩል አይደለም።

ለልጅዎ ዛሬውኑ ይንገሯት። «አልዋሸሁም፤ ግን እውነት አልነበረም» ብለው ይጀምሩ። ይህን ዓረፍተ ነገር የ14 ዓመት ልጅ ትረዳዋለች፤ እንዲያውም ከእኛ ይሻላል የምትረዳው። የኮሞሮሱን ቪዲዮ አብራችሁ ተመልከቱ፤ ክንፉ ጋ ሲደርስ ያቁሙትና የእርስዎን ታሪክ ያስታውሷት። አክስቷን እንደተቆጡም ይንገሯት፤ እርሷ ያየችው ቁጣውን ነውና። ረጅም ንግግር አያስፈልግም።

ተማሪዎችዎ ዘንድ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የታሪክ መምህር «ለዓመታት የዓይን ምስክር ነኝ ብዬ ያስተማርኳችሁ ነገር በማስረጃ ሲመረመር ይህን ሆኖ ተገኘ» ብሎ ሰሌዳው ፊት ሲቆም፣ ከዚያ የተሻለ የታሪክ ትምህርት አላውቅም። ወጥተው የሄዱትን የድሮ ተማሪዎችዎን እየፈለጉ ግን አይንገላቱ። ያን ያህል ትልቅ ነገር አድርገው ማየት ራሱ ራስን ከታሪኩ መሐል ማስቀመጥ ነው።

ጎረቤትዎ ዘንድ ነው ችግሩ። እዚህ ላይ ደብዳቤዎችን ከእኔ ጋር የሚያነብ ባልደረባዬ «ተው፣ እኚህን እናት ለምን ትነካካለህ? ሠላሳ ዓመት ያጽናናቸውን ቃል ነጥቀህ ምን ልትሰጣቸው?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። አንድ ሌሊት አሰብኩበት። አሁንም አልስማማም፤ የማልስማማውም በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። እርስዎ «ብዙ ያልተሠቃዩ ይመስለኛል» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ማንም ለቅሶ ደራሽ የሚለው ነው፤ አልነካውም ነበር። እርስዎ ግን «አይቻለሁ» ብለዋል። እኚህ እናት ወንድማቸውን በመጨረሻው ሰዓት ያየ ሰው አለ ብለው ያምናሉ። ያ ሰው ደግሞ የለም። በየዓመቱ የሚጠይቁዎ ለዚህ ነው፤ ለማጽናናቱ ብቻ ቢሆን ቄስም አላቸው፣ ዘመድም አላቸው።

ስለዚህ ይሂዱ፤ ነገር ግን አስቀድመው አካሄድዎን ያስቡበት። መስከረም 5ን አይጠብቁ፤ ዕለቱ አቦ ነው፣ የሚዘክሩበት ከሆነ ዝክራቸውን አያናጉት። ሰው በሌለበት ጊዜ ይሁን። ሰፊ ይቅርታ ይዘው አይግቡ፤ ብዙ ካለቀሱ እርስዎን ማባበል የእርሳቸው ሥራ ይሆናል። «እማማ፣ አይቻለሁ ስልዎት የኖርኩት ነገር ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። ያን ጊዜ እኔ እዚህ አልነበርኩም። የሰማሁትን ከልጅነቴ ጀምሮ እንዳየሁት አድርጌ ይዤው ነበር። ስለ ወንድምዎ መጨረሻ እኔ የማውቀው የለኝም» ይበሉ። እዚያው ላይ ያቁሙ። ያነሡትን ምስል በሌላ ምስል አይተኩ። ስለ እሳቱ አይናገሩ፤ ካልጠየቁ በቀር ስለ ርግቦቹም አያስረዱ። «ምናልባት እኮ…» ብለው እንደገና መስፋት አይጀምሩ፤ የሚፈትንዎ እርሱ ነው።

ሊቆጡ ይችላሉ። ሊያባርሩዎም ይችላሉ። ቢያባርሩዎ ይሂዱ፤ በሳምንቱ ይመለሱ። ባያባርሩዎ ደግሞ ተነሥተው አይሂዱ፤ ወንድማቸው በሕይወት ሳለ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይጠይቋቸው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እርሳቸው እርስዎን ሲጠይቁ እንጂ እርስዎ እርሳቸውን ሲጠይቁ ደብዳቤዎ ላይ አላየሁም። በአውሮፕላኑ ስላለፉት ስለዚያች ጥቂት ደቂቃ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ስለኖሩት ዘመን ግን የዓይን ምስክሯ እርሳቸው ናቸው።

አራተኛዋ እህትዎ ናቸው። መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳቸው እንጂ መሄድ ያለብዎት መጀመሪያ ወደ እርሳቸው ነው፤ ከጎረቤትዎም በፊት፣ ምናልባትም ከልጅዎ በፊት። ደብዳቤውን ሳነብ ካስገረመኝ ነገር አንዱ ይህ ነው፤ እርስዎ በእህትዎ ንግግር እንደተቆጡ ጽፈዋል፣ እኔ ግን ከእህትዎ ንግግር የሰማሁት ሌላ ነው። «ጭሱን ያየሁት እኔ፤ የነገርሁህም እኔ።» ይህ የተቀማ ሰው ንግግር ነው። ያን ቀን የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጃገረድ ነበሩ እንበል፤ ያዩት ነገር በየበዓሉ በታናሽ ወንድማቸው አፍ ሲተረክ፣ ቡናውን እያፈሉ ስንት ዓመት ሰሙት? ዝም ያሉበት ዘመን ከተናገሩበት ቀን ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። የእህትዎም ትዝታ ትዝታ ነው፤ ከእኔ ማኪያቶ የተሻለ ቅዱስነት የለውም። ቢሆንም አንድ ብልጫ አለው፤ በበዓል ታስሯል። «የመጣኸው ለመስቀል ነው» ብለዋል። የእኛ ሰው ቀንን በቁጥር አይዝም፤ በበዓልና በታቦት ይይዛል፣ እንዲህ የተያዘ ቀን ደግሞ ከሌሎች ጋር ሊመሳከር ይችላል። የአክስትዎ ልጆች ደብረ ታቦር ካሉ ይጠይቋቸው። የዚያን ዓመት የትምህርት ቤት ምዝገባ ወረቀት ያለው ቤተሰብ አይጠፋም። እህትዎን ለመርታት ብለው ግን አይደለም፤ ለማወቅ ያህል ነው።

ሽማግሌ አይላኩ። እህትና ወንድም ናችሁ፤ ነገሩ በሽማግሌ ፊት ከቀረበ ስለ ክብር ይሆናል፣ ስለ ጭሱ መሆኑ ይቀራል። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ኪሎ ቡና ይዘው ብቻዎን ይሂዱ። ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ድምፃቸውን ልቅረጽ ብለው ያስፈቅዱ፤ ታሪክ አስተማሪ ነዎት፣ ሥራዎ ነው። ሲናገሩ ጣልቃ አይግቡ። አንድ ቦታ ላይ «አይ፣ እንዲህ አልነበረም» የሚል ነገር አፍዎ ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቡናዎን ይጠጡ። የሚያስታውሱት ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ሰማዩ ላይ አንድ ጥቁር ጭስ፣ ልብስ ከምታሰጣ ጎረቤት ጋር የተነጋገሩት አንድ ቃል፣ ከዚያ በላይ ምንም። ትንሽ ቢሆንም ሳይጨምሩበት እንዳለ ይውሰዱት። ንግግሩን የሚጀምሩት ግን በእርስዎ ይቅርታ አይሁን፤ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቋቸው በማያውቀው ጥያቄ ይሁን፦ «እትዬ፣ ጭሱን ያየሽ ጊዜ የት ነበርሽ?»